የሳተችው ክር

ሙዚቃ ሁሉ እንደ ሰሚው ስሜት ራሱን መለዋወጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ወይዘሮ ውድነሽና ልጇ ፌቨን አንድ ዜማ አብረው ሰምተው አያውቁም። ዛሬ ግን ውድነሽ፣ ፌቨን ጡት ሳትጥል የሞተው ባሏ ጊታር የተጫወተበትን የድሮ የሙዚቃ ሸክላ ከቁም ሣጥኑ አወጣች። ልጅቷ አባቷን እንድትሰማው ፈልጋለች፤ ሸክላው ተበላሽቶ እንዳይሆን ግን ፈራች።

የማጫወቻው መርፌ ሸክላው ላይ ሲያርፍ ግጥም የሌለው ጊታር ቤቱን ሞላው። ውድነሽ ቀና ስትል የልጇ ጣቶች ጠረጴዛውን ከእሷ ጣቶች ጋር እኩል ይመታሉ።

«እማዬ፣ አንቺም ይህንኑ ነው የምትሰሚው?»

«ይህንኑ።»

«ውሸትሽን ነው!»

ዜማው መሀል ላይ አንዲት የጊታሩ ክር ቃናዋን ሳተች። ሁለቱም እኩል ሳቁ።

«እንዴት ሳይታረም ቀረ?» አለች ፌቨን።

«አባትሽ ነዋ» አለች ውድነሽ።

ፌቨን መርፌውን በቀስታ አንስታ ወደ ሳተችው ክር መለሰችው።