ያልተመዘገበው አራተኛ ሰው

የጥናት መረጃ ሰብሳቢው ዲግሪውን በማዕረግ ያገኘ ሰው ነው፤ ይህንንም ላልጠየቀው ሁሉ ይነግራል። ሥራው፣ በዝቅተኛው ደመወዝ የሚኖሩ ሠራተኞች ወሩን እንዴት እንደሚገፉት መመዝገብ ነበር። ከደረሱት ቤቶች አንዱ የአንዲት ልብስ አጣቢ ነው። ሴትየዋ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፤ ከእናቷና ከሴት ልጇ ጋር በአንዲት ክፍል ትኖራለች። የቤተሰብ ብዛት ሲላት፣ «ሦስት» ብላ አስመዝግባለች።

ጥናቱ የሚጠይቀው በሳምንት አንድ ጉብኝት ብቻ ነበር። እሱ ግን ለጥንቃቄ ሲል አራት ቀን ይሄዳል። የሚሄደውም ምሳ ሲደርስ ነው፤ እሷ ሥራ ከመግባቷ በፊት ሁሉም የሚገኙት ያኔ ነዋ። «ብላ» ሲሉት እምቢ ማለት ደግሞ ሰው ማስቀየም ነው ባይ ነው።

በሁለተኛው ወር አንድ ነገር ከነከነው። የዳቦና የድንቹ ወጪ ለሦስት ሰው በዛ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢደርስ፣ ጠረጴዛው ላይ አራት ሳህን አየ። አራተኛው እንዳይቀዘቅዝ ተከድኗል።

«ወንድ ደብቃለች» አለ በልቡ።

ደመወዝተኛ የደበቀ ቤት ከጥናቱ ይሰረዛል። ቤቱ ከተሰረዘ ጥናቱ የሚሸፍነው የልጅቷ የትምህርት ቤት ክፍያም ይቀራል። አንጀቱ አልቻለም፤ ግን የተማረ ሰው ነውና ጨከነ።

ከበሩ ኋላ የወንድ ጫማ ፈለገ፤ አጣ። ማዶ ያለውን ባለሱቅ፣ ወደዚያ ቤት የሚገባ ወንድ አይቶ እንደሆነ ጠየቀው። ባለሱቁ ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ አንድ ከሲታ ሰው እንደሚያዘወትር ነገረው። «ከሲታ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም አሰመረበት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ቅጹን ዘረጋ። አራተኛው ሳህን ዛሬም እንደተከደነ ነው።

«እውነቱን ይንገሩኝ። ከሦስታችሁ ሌላ እዚህ ቤት የሚበላ ሰው አለ። ከደበቁኝ ማሰረዝ ግዴታዬ ነው።»

አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ። ልጅቷ አፏን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። አጣቢዋም እንዳለ አመነች፤ ያላስመዘገበችውም ሰውየው እንዳያፍር ብላ መሆኑን ነገረችው።

መረጃ ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አዘጋጀ።

«ስሙ ማነው?»

ሴትየዋ ሳህኑን ከፈተችና ወደ እሱ አስጠጋችው።

«እስካሁን መቼ ነገርከን፣ ወንድሜ?»