ለትርሲት የመጡ ሽማግሌዎች

ልጆቼ፣ ዘንድሮ የገንዘብ መተግበሪያ ኩባንያ መሪ ሲፈልግ እንደ ጋብቻ ሽማግሌ ይልካል። ለልጄ ለትርሲትም ሦስት ሰዎች መጡ። ሕጉን ታውቁታላችሁ፤ የመሪ ድምፅ የካዝናው ቁልፍ ስለሆነ፣ ሌባ እንዳይቀዳው ከቢሮ ውጭ መናገር ክልክል ነው።

«እስከ መቼ?» አልኩ።

«አምስት ዓመት ነው፣ ጋሽ ይግዛው። ቤት ውስጥ እየጻፈች ትግባባለች» አሉኝ ዋናው ሽማግሌ።

«ልጇ ሶስና ገና ሁለት ዓመቷ ነው። እንዴት አድርጋ ታነባለች?»

«ልጅ አይደለች? ትለምዳለች።»

ትርሲት ቁጭ ብድግ ትላለች። አሥራ ሁለት ዓመት የለፋችበት ወንበር ነው። ሶስና ከጓዳ ስታለቅስ ግን አልጠራቻትም፤ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። ሕፃኗ ልቅሶዋን አቁማ እሷም ሁለቴ አጨበጨበች። ለካ እናትና ልጅ ሲለማመዱ ከርመዋል።

ሽማግሌዎቹ እሺታዬን ይጠብቃሉ።

«ለከርሞ ተመለሱ» አልኳቸው።

«አባዬ! ምን ነካህ? ወንበሩን ለሌላ ሰው ይሰጡታል እኮ!» ብላ ትርሲት ጮኸችብኝ።

እውነቷን ነው፣ ይሰጡት ይሆናል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኳት።

«ጩሂ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። «ጩሂብኝ።»