አስቸጋሪው ማጠንጠኛ

አያ ሙሀመድኑር በልጃቸው ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ረቢአ አንድ ናት፤ ከእሷ በላይም ከእሷ በታችም የለም። ከሚሴ ውስጥ ለአቅመ ትዳር የደረሰ ወንድ ልጅ ያለው ሁሉ ሽማግሌ ልኮ፣ ሁሉም ከደጅ ተመልሷል። «ልጄ ገና ናት» ይላሉ። ረቢአ «ገና» መሆኗ ካበቃ ቆይቷል፤ ይህን ግን ደፍሮ የሚነግራቸው አልነበረም።

ወጣትነታቸውን ያሳለፉት አሰብ፣ በጀልባ ሥራ ነው። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከባሕሩ ይዘውት የመጡት የዓሣ ፍቅር ብቻ ነበር። ሥራ በፈቱ ቁጥር ቦርከና ወንዝ ዳር ቆመው አምባዛ ያጠምዳሉ።

አንድ ቀን ባለሱቁ ሲራጅ ስኳር እየመዘነላቸው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሲራጅ እርጋታ የሚያበዛ፣ ዓይኑን ከሚዛኑ የማያነሳ ሰው ነው።

«አያ፣ እኔ ነገር ማመላለስ አልወድም። ግን ያ ጎሚስታው አብዱሰላም በአጥርዎ ዙሪያ አበዛ።»

«የእኔ አጥር ምን አለው?»

«እሱን እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።»

አብዱሰላም የአሰብ መንገድ መኪኖችን ጎማ የሚጠግን ጎረምሳ ነው። በነጋታው እውነትም ከአጥሩ ሥር ቆሞ አገኙት። ሲያያቸው ክው አለ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«አያ… አሰብ እያሉ ከሰው የሚበልጥ ዓሣ ይዘዋል ይባላል። እውነት ነው?»

አያ ሙሀመድኑር በሆዳቸው ሳቁ። ሰበብ ፍለጋ ይሉሃል ይሄ ነው! ዱላቸውን ሊያነሱ ሲሉ ግን ሌላ ሐሳብ መጣላቸው። ዓሣ ማጥመድ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። መንጠቆ የያዘ ሰው ምሳውን ይረሳል፣ ሚስቱን ይረሳል፤ የከሰዓቱ የአስር ሶላት አምልጦት አስተግፊሩላህ የሚልበት ቀንም አለ። ይህን ልጅ ወንዝ ዳር ካሰሩት ረቢአን ከነስሟ ይረሳታል።

«ነገ ሲራጅ ሱቅ እንገናኝ» አሉት።

ሲራጅ ከአሰብ ያስመጣቸውን ሁለት የዓሣ ክር ማጠንጠኛዎች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

አንደኛው ቀላል ነው። ክሩ የተጠቀለለበት መዘውር ባለበት ይቆማል፤ ክሩ ብቻ ከጫፉ እየተፈታ ይወጣል። ሕፃንም ይወረውርበታል። ሁለተኛው ከባድ ነው። ሲወረወር መዘውሩ ራሱ እንደ እንዝርት ይሾራል። ከክሩ ጫፍ የታሰረው የእርሳስ ክብደት ውኃው ላይ ሊያርፍ ሲል በአውራ ጣት ካልያዙት መዘውሩ መሾሩን አይተውም፤ ያን ጊዜ ክሩ ድመት የተጫወተችበት ፈትል ሆኖ ቁጭ ይላል።

አብዱሰላም እጁን ወደ ቀላሉ ሰደደ። «ለኔ ይሄ ይሻለኛል።»

«ተው! እሱ የልጅ መጫወቻ ነው» አሉ አያ። «ይሄኛውን ከለመድከው ከዳር ቆመህ ወንዙን አጋምሰህ ትወረውርበታለህ። ትልቅ አምባዛ ቢታገለውም እጅ አይሰጥም።»

የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። ያልተናገሩት፣ እሱን ለመልመድ አንድ በጋ እንደማይበቃ ነው።

«አያ ልክ ናቸው» አለ ሲራጅ፣ ከባዱን እየወለወለ። «ግን ይሄ ብቻውን አይለመድም። አውራ ጣቱን የሚያይለት ሰው አጠገቡ መቆም አለበት፤ ያውም በየቀኑ።»

«እኔ እቆምለታለሁ!»

ሲራጅ በዋጋው አልተከራከረም፤ እንዲያውም መንጠቆና እርሳስ መረቀላቸው።

ከዚያ በኋላ የቦርከና ዳር ሰላም አጣ። «ጣትህን! ጣትህን አልኩህ!» ይጮሃሉ አያ ሙሀመድኑር። አብዱሰላም ይወረውራል፤ ክሩ ይተበተባል፤ ሁለቱም ሣር ላይ ቁጭ ብለው ቋጠሮ ይፈታሉ። እንደገና ይወረውራል፤ እንደገና ይተበተባል። እህል ጭኖ ወደ ጨፋ ሮቢት ገበያ የሚያልፍ ገበሬ ሁሉ አህያውን አቁሞ ይስቅባቸዋል።

ሲውል ሲያድር ግን የልጁ ጣት ለዘበ። አንድ ቀን እርሳሱ ተምዘግዝጎ ወንዙ መሐል አረፈ፤ ክሩም ሳይተበተብ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ እንደ ሽማግሌ ጢማም የሆነ ትልቅ አምባዛ እየተወራጨ ወጣ። አብዱሰላም እንባው መጣ።

አያ ሙሀመድኑር ሊፈትኑት ፈለጉ። «ልጄ ረቢአ ሰላም ብላሃለች» አሉት።

«ማን?» አለ አብዱሰላም። ዓይኑን ከክሩ አልነቀለም።

በዚያ ምሽት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እንደ ሙሽራ ይንጎማለሉ ነበር። እንደ ልማዳቸው በሱቁ በኩል አለፉ።

«ዛሬስ በሰፈሩ ዝር ያለ አለ?»

«ማንም የለ አያ። እኔው እያየሁልዎ አይደል?» አለ ሲራጅ፣ ዓይኑ ሚዛኑ ላይ እንደተተከለ።

ቤት ሲገቡ ረቢአ እያንጎራጎረች ነበር። ሚስታቸው ኡምኩልሱም ዓሣውን ተቀብለው፣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ አልሰማህም?» አሏቸው። አያ ግን የሴት ቀልድ ነው ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ያዙ።

ማሽላው በተወቃ ሰሞን፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከደጃቸው ቆሙ።

«አሰላሙ አለይኩም፤ አካም ኦልተን?» አሉ፣ በኦሮምኛ እንዴት ዋላችሁ ለማለት።

«ወአለይኩም ሰላም። ነጋ፣ ሰላም ነው አልሀምዱሊላህ። ግቡ እንጂ!» አሉ አያ።

ሽማግሌዎቹ ፋቲሃ አድርገው ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «መቼም የመጣንበት አይጠፋዎትም። ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው።»

አያ ሙሀመድኑር ጋቢያቸውን አጣፍተው ሳቃቸውን ለቀቁት። ይህን ቀን ሲጠብቁት ነው የከረሙት።

«ዘገያችሁ!» አሉ። «አብዱሰላምን እኔ ራሴ ከወንዝ ዳር አስሬዋለሁ። ዛሬ ረቢአ ብትሉት አምባዛ መስላው መንጠቆ ነው የሚያነሳ። ሂዱና ጠይቁት፤ አገባታለሁ ካለ ወላሂ እምቢ አልልም!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከጓዳ የሁለት ሴቶች የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

«የቱ አብዱሰላም?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ ግራ ተጋብተው። «እኛን የላከን እኮ ባለሱቁ ሲራጅ ነው፤ እሷም ገና በጋው ሲገባ እሺ ብላዋለች።»