ለዝንጀሮ የሚሆን ጥይት

ጌታው ዒላማም ዝንጀሮም ትመታልኛለች ብሎ በትእዛዝ ለሚያሠራት ቀጭን ጠመንጃ ጥይት ሲያማርጥ ሁለት ክረምት አለፈ። ሚስት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም።

«ይቺ ፈጣን ናት፤ ግን ንፋስ ይገፋታል። ያቺ ደግሞ ትከብዳለች» ይላል።

«በቆሎውን ዝንጀሮ ጨረሰው እኮ!» አለች ሚስቱ።

«ዝንጀሮ ሴት አይፈራም። ወንዱ እስኪታጠቅ ዝም ብለሽ ጠብቂ!»

በመጨረሻ ፈጣኗን መረጠ። ጠመንጃዋ በደረሰች ማግስት፣ ማለዳ ሱሪውን ፈልጎ ቢያጣው የሚስቱን ነጠላ አገልድሞ ወጣ። ማሳው ዳር በደረቱ ተኝቶ አነጣጠረ። ንፋሱ እስኪረጋ ሲጠብቅ ዝንጀሮዎቹ ቀና ብለው አዩትና መብላታቸውን ቀጠሉ።

ከማሳው ማዶ ሚስቱ ሱሪውን ለብሳ፣ ዱላ ይዛ ብቅ አለች። መንጋው እግሬ አውጪኝ ብሎ፣ ባልየውን እየዘለለ ፈረጠጠ።