የሸዋዬ ቃለ ጽሕፈት

በ1970 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዓባይ ማዶ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል ውስጥ መምህር አምሐና አርባ ልጆች ነበሩ።

አምሐ ለቃለ ጽሕፈት «ታንኳው ሐይቁን ተሻገረ» ብሎ አጻፈ። በመደዳው ሲያልፍ፣ ገና ስሟን መጻፍ የለመደችው ሸዋዬ ሁለተኛውንም ዓረፍተ ነገር ጽፋ አገኛት፤ «ዓሣ አጥማጁ መረቡን ጣለ»። ይህን ቀጥሎ ሊያጽፍ በልቡ ይዞት ነበር እንጂ ገና አልተናገረውም።

«ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ሲሉ ሰምቼ ነው የጻፍሁት፣ ጋሼ።»

«ኮርጃ ነው!» አለ ከኋላ አንድ ልጅ።

«ከማን?» አሉት ሌሎቹ፤ ክፍሉ ሳቀ።

አምሐ ደብተሩን አነሳ። ከሥር፣ በዚያው ጎባጣ ፊደል፣ «ሁለት ሰዎች ከበሩ ጠሩኝ፤ አልተመለስሁም» ይላል።

«ይህንንም እኔ አልሁ?»

«አዎ፣ ጋሼ። እያለቀሱ።»

ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ስሙን ጠሩ።