ዘጠኝ ዓመት የዋጥኳት

ሲስተር ብርቱካን ሹካ የመሰለች ብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ትመታና የእግሬ አውራ ጣት ላይ ታቆማታለች። «ንዝረቷ ይታወቅዎታል፣ መሪጌታ?»

«እንዴታ!» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር በጆሮዬ እየተከተልኳት ነው። አርባ ዓመት ዜማ ያስተማረ ጆሮ ይቺ ታመልጠዋለች?

ልጅቱ ግን ቀላል አይደለችም። ዓይኔን ታስጨፍነኛለች። ብረቷ እንደገና ትዘምራለች። «አሁንስ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ!»

«ዓይንዎን ይግለጡ።»

ብረቷ ከእግሬ ክንድ ያህል ርቃ እጇ ላይ ናት። በዚህ ዕድሜዬ በውሸት ተያዝኩ! አፈርኩ።

ሲስተር የደም ውጤቴን ታነባለች። «ለስኳርዎ የሚወስዷት ኪኒን ስኳሩን ታወርዳለች። ግን ብዙ ዓመት ሲወስዷት፣ ሰውነት ቫይታሚን ቢ አሥራ ሁለትን ከምግብ በደንብ እንዳይወስድ ታደርጋለች። ያ ሲያንስ ነርቭ ይጎዳል። የሚገኘው ደግሞ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ነው። ጾም ላይ እንዴት ነዎት?»

«ሰባቱንም አጽዋማት። ጽጌንም እጨምራለሁ» እላለሁ ኮራ ብዬ። ይህንንም ትጽፋለች።

ደሜ ይፈላል። ዘጠኝ ዓመት! ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ሰርግ ብዬ፣ ለቅሶ ብዬ አንድ ቀን አላጓደልኩም። ታድነኛለች ብዬ የዋጥኳት ኪኒን እግሬን ከሥር ከሥር ስትሰርቀኝ ኖራለች! «ታዲያ የጻፈልኝ ሐኪም አፍ አልነበረውም?»

«መንገር ነበረበት» ትላለች አንገቷን ደፍታ። «ደምዎንም በየጊዜው ማየት ነበረብን። ኪኒኗን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ። የቫይታሚኑን መርፌ እንጀምራለን።»

«መርፌው ለኅዳር ሚካኤል ማኅሌት ያቆመኛል?»

«የተወሰነው ይመለሳል። ሁሉም ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም፣ አባቴ።»

የኪኒኗስ ይሁን፣ ኪኒን ነፍስ የላትም። አንጀቴን ያሳረረው ደጅ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ካሳው ነው። አለቃ ካሳው፣ የደብራችን አስተዳዳሪ። በተማሪ ቤት አብረን ቁራሽ ለምነናል፤ የጉናን ብርድ በአንድ ደበሎ አሳልፈናል። በመስቀል ማኅሌት ስናሸበሽብ እግሬ ከድቶኝ ከበሮው ላይ ወደቅኩ። ካሳው ጎንበስ ሲል ሊያነሣኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁለት። እሱ አፌን አሸተተኝ። «ጠጥቷል፣ አውጡልኝ!» አለ በካህናቱ ሁሉ ፊት። ጠላ በአፌ ከዞረ ዘጠኝ ዓመቱ እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም! ከዚያ ቀን ጀምሮ መቋሚያዬን ይዤ ማኅሌት አልቆምኩም። ዛሬም ባለቤቴ ማሬ አልቅሳ ብትለምነው ነው ደግፎ ያመጣኝ። መንገዱን ሙሉ ፊቴን አዙሬበት ነው የመጣሁት።

የውጤቱን ወረቀት ከእጇ እነጥቃለሁ። ሲስተር «ቆይ መሪጌታ፣ ቆይ!» ስትል ጥያት እወጣለሁ። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ወረፋ ይዟል። ይስማ! እኔም በሰው ፊት ነው የተዋረድኩት።

«ያውልህ ጠላዬ!» ወረቀቱን ደረቱ ላይ እለጥፍበታለሁ። «አንብበው! ጮክ ብለህ አንብበው፣ ያኔ እንደጮህከው!»

ካሳው ወረቀቱን አያየውም። ወደ ታች ነው የሚያየው። «ቢያድግልኝ» ይላል በስሜ ጠርቶ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጫማህስ?»

ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ቀኝ እግሬ ባዶውን ነው። ያን ሁሉ ሲሚንቶ በባዶ እግሬ አቋርጬ መጥቻለሁ።

ሲስተር ጫማውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ካሳው ይቀበላትና ሰው ሁሉ እያየው እግሬ ሥር ይንበረከካል። ይቅር አልኩህ አልለውም፤ ይቅር አላልኩትምና። ተረከዜን በሁለት እጁ ይይዛል።

እጁ ይሙቅ ይቀዝቅዝ አላውቅም።