ደም ያየች ሴት ጀልባ አትሳፈርም

«ሁለት ጠብታ ናት... ምን ታካብጃለሽ?»

የዶሪን አማት ኤልሲ ናቸው፣ ጎደሬ እየላጡ።

ዶሪን አበባዋ ከቀረ ሁለት ወር አልፎታል። ባሏ ኢሮፋላ ገና ካሁኑ ለመንደሩ ሁሉ ጉራውን ነዝቶ ጨርሷል።

«እማማ... ጎኔንም በአንድ በኩል ይወጋኛል።»

«አላረገዝሽም ማለት ነው። አበባሽ ነው የዘገየው። በይ ጎጆሽ ግቢ።»

እኛ እዚህ ማላይታ ደሴት የአባቶቻችንን ሕግ የያዝን ሰዎች ነን...

ደም ያየች ሴት ከመንደሩ ዳር ባለው የሴቶች ጎጆ ትቆያለች። ወንድ አይጠጋትም። የዓሣ ጀልባም አትረግጥም፣ ከረገጠች መረቡ ባዶ ይወጣል ይባላል።

ሦስት ቀን ቆየች። ባሏ ከሩቅ «እንዴት ነሽ?» ይላታል። «ደህና ነኝ» ትለዋለች። ምን ትበል?

በአራተኛው ቀን ጠዋት ግድግዳ ይዛ ወጣች። ላብ አጥምቋታል። ትከሻዬን አመመኝ፣ ዞረብኝ ትላለች።

ክሊኒኩ በሞተር ጀልባ አርባ ደቂቃ ነው። በመንደሩ ያለው ጀልባ ደግሞ የኢሮፋላ ብቻ ነው።

«ኧረ ውሰዳት» አሉት ሴቶቹ።

«ስንት ቤተሰብ የሚበላው ከዚህ ጀልባ ነው... ደሙ ሲቆም እወስዳታለሁ።»

ዶሪን ቀና ብላ አየችው።

«መቆሙንስ ይቆማል» አለችው።

ሴቶቹ ተሸክመዋት በባሕሩ ዳር በእግር ሄዱ። ክሊኒኩ ሳይደርሱ እጃቸው ላይ አለፈች።

የክሊኒኩ ነርስ የሆነውን ሁሉ ጠይቃ ስትጨርስ ተቀመጠች።

«ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ነበር የሚመስለኝ። ደሙ ወደ ውስጥ ፈሷል... እናንተ ያያችሁት ጠብታውን ነው። በመጀመሪያው ቀን ብትመጣ ወደ ሆስፒታል እልካት ነበር።»

አስከሬኗን ኢሮፋላ መጥቶ በዚያው ጀልባ መለሰው። ሬሳ አይደማም... ሕጉም አይከለክልም።

የዚህ ገጽ ባለቤት ማን ነው እያላችሁ ስትጠይቁኝ ነበር...

ኢሮፋላ እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ባሕር ወጣን። መረቡ ሞልቶ ወጣ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ዓሣ ከጉሮሮዬ አይወርድም።

የትምህርቱን ዋጋ በሚስቴ ነው የከፈልኩት፣ እናንተ ትምህርቱን በነጻ ውሰዱት። እርጉዝ ሴት ጠብታ ደም ካየች ደህና ልትሆን ትችላለች... ደህና መሆኗን የሚያውቀው ግን ባልም አማትም አይደለም። የዚያኑ ቀን ትመርመር። ጎን የሚወጋ ሕመም፣ የትከሻ ሕመም ወይም ማዞር ካለ ደግሞ ደቂቃ አይጠበቅም።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ ቤት ያለች ሴት «ደም አየሁ» ለማለት የምትፈራው ማንን ነው?